ሳታነቡ «ይሄ ደሞ የነማን ሰው ነው» አትበሉ

ደብረ ማርቆስ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ሰው ስለ አንድ የጋዜጣ ጽሑፍ ሲከራከር ብትሰሙ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ልጁ የየት ነው?» ነው፣ ጽሑፉን ገና ማንም አላነበበውም እኮ፣ ርዕሱን አይቶ ነው። እኔም ስንቴ አድርጌዋለሁ። ደሞዙን ማን እንደሚከፍለው ማወቅ አይጠቅምም አላልኩም፣ ግን እሱን ማወቅ ጠንቀቅ ብላችሁ እንድታነቡ ያደርጋል እንጂ ከማንበብ አያድንም።

ሌላው የአነባበብ ስህተታችን ዜናና አስተያየትን መደባለቅ ነው። ርዕሰ አንቀጽ የጋዜጣው የራሱ አቋም ነው፣ ሪፖርተር ላይ «ልናገር» በሚባለው ዓምድ የሚወጣው ደሞ የጸሐፊው ነው። እና አስተያየት ሰጪውን «ወገነ» ብሎ መክሰስ ምን ማለት ነው? ሊወግን አይደል እንዴ የጻፈው! ዜና ላይ ሲሆን ነው ነውሩ። አስተያየት ላይ መያዝ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፣ የተቃራኒውን ክርክር በደንብ አቅርቦ ነው የሞገተው ወይስ ማንም ያላለውን ፈጥሮ እሱን ሲደበድብ ዋለ?

«የመንግሥት ሚዲያ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ» የሚሉም አሉ። ኧረ ጠብቁ! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ሚዲያ የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ያዛል፣ አዲስ ዘመንም ሆነ እዚሁ ባህር ዳር የሚዘጋጀው በኩር ጋዜጣ።

ቁጥር ስላለው ብቻ ማመን... ይቺን ገበሬ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃታል። ዓምደኛው «ይሄን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ ገባ» ይላል። የት ነው የገባው? ጅቡቲ ወደብ መድረስ፣ ዩኒየኑ መጋዘን መድረስ፣ መሠረታዊ ማኅበሩ ጋ መድረስና ቡሬ ያለ በቆሎ አምራች እጅ መድረስ አራት የተለያየ ነገር ነው። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ወደብ ደርሷል፣ ግን ከዘር ጋር መግባት የነበረበት ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ በቆሎው ጉልበት ከደረሰ በኋላ ቢመጣ ምን ያደርግለታል? ተቃዋሚው ዓምደኛ ደሞ ማዳበሪያ ያላገኘች አንዲት ቀበሌ ይይዝና «ጎጃም በሙሉ ባዶውን ቀረ» ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘው ነው የሚዋሹት። ስለዚህ «ስንት?» ብቻ ሳይሆን የት፣ መቼ፣ ከስንት ውስጥ ብላችሁ ጠይቁ።

ቃላትም አሉ። አንዱ «አገዛዙ» ሲል ሌላው «መንግሥት» ይላል፣ አንዱ «ጽንፈኛ» ያለውን ሌላው «ታጋይ» ይለዋል፣ የሌላውን ቶሎ እንይዛለን፣ የራሳችን ወገን ቃል ግን ተራ አማርኛ ይመስለናል። ከዚህ የሚብሰው ግሱ ነው። «ሰዎች ተገደሉ» ይልና ያልፋል፣ ማን ገደላቸው? የኛ ወገን ሲያጠፋ «ተገደሉ»፣ የነሱ ሲያጠፋ «ገደሏቸው»። ቀለም ያዙና አንድ ጽሑፍ ላይ እነዚህን ግሶች ብቻ አስምሩ፣ ጉድ ታያላችሁ።

እኛ ጎጃሞች ደሞ የራሳችን ልዩ በሽታ አለን፣ የቅኔ አገር ስለሆንን ሁሉም ነገር ውስጥ ወርቅ እንፈልጋለን። ሰውየው ስለ መንገድ ጥገና ነው የጻፈው፣ ኮመንት ላይ «ሰሙ መንገድ ነው፣ ወርቁ እገሌን መንካት ነው» ይባላል። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ እንደዚህ አላስተማሩም ባካችሁ፣ ወርቁን የሚሸከም ቃል ሰሙ ውስጥ ከሌለ ወርቁ የመጣው ከናንተ ነው።

በጣም የምንሳሳተው ግን የምንስማማበትን መጥፎ ጽሑፍ ሳንነካው ስናልፍ ነው። ባለፈው በጣም የወደድኩትን፣ ለስንት ሰው ሼር ያደረግኩትን ጽሑፍ አወጣሁና የወገኖቹን ስም አቀያይሬ፣ የኛን በነሱ የነሱን በኛ ተክቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ተናድጄ አቆምኩት።