ጥምቀት ላይ ልጆችን ስታነሱ

ጎንደር ውስጥ የሰርግና የክርስትና ፎቶ አንሺ ነኝ። ጥር 11 ሲሆን ግን ሁላችንም ካሜራችንን ይዘን አፄ ፋሲል መዋኛ እንወርዳለን። ውኃው ተባርኮ እንዳለቀ ልጆቹ ዘለው ይገባሉ። እኔም የተሳሳትኩት እዚያ ነው።

አንድ ዓመት ራቁቱን ከውኃው የወጣ ልጅ አነሳሁ። በሁለት እጁ ራሱን አቅፎ በብርድ ይንዘፈዘፋል። ፎቶው አምሮኝ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። በሳምንቱ እናቱ ስቱዲዮ ድረስ መጡ። «ወንድሜ፣ ልጆቹ እየሳቁበት ትምህርት ቤት አልሄድም አለኝ» አሉኝ። እዚያው አጠፋሁት። ስክሪንሾቱ ግን ቀድሞኝ ሄዷል።

ስለዚህ ራቁቱን ያለ ልጅ አታንሱ፤ ወላጅ ቢፈቅድም። ራቅ ብላችሁ የሚረጨውን ውኃና ነጭ የለበሰውን ሕዝብ አንሱ።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27፣ የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ አደባባይ እንዳይወጣ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ የተደረገ በዓልን ከዚህ ያወጣዋል። ባልደረቦቼ በዚህ ይከራከሩኛል። ታቦት በሚያጅብ ሕዝብ መሐል የሚታይ ልጅና ፊቱ ፍሬሙን የሞላው ልጅ ግን ለእኔ አንድ አይደሉም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ የሕፃኑን ደኅንነት ያስቀድማል። 18 ዓመት ካልሞላው ወላጁን ወይም አሳዳጊውን ጠይቁ።

መጀመሪያ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ። «እትዬ፣ ልጅዎን ላንሳው?» በሉ። እሺ ካሉ፣ «ቴሌግራም ላይ ብለጥፈውስ?» ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። ብዙ እናቶች በመጀመሪያው እሺ ብለው በሁለተኛው ያመነታሉ። ካመነቱ አትለጥፉ። ከዚያ ቁጢጥ ብላችሁ «ማሙሽ፣ ላንሳህ?» በሉት። ፊቱን በነጠላው ከሸፈነ መልሱን ሰጥቷችኋል። ከረሜላም ብርም አታሳዩት። ልጅ ለብር ሲል የማይፈልገውን እሺ ይላል።

ፎቶው ለማስታወቂያ ወይም ለሽያጭ ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። የት እንደሚወጣና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ስልካችሁንም ስጧቸው፤ ነገ «አጥፋልኝ» ሊሉ ይችላሉ።

ከመለጠፋችሁ በፊት ሎኬሽኑን አጥፉ። የልጁን ስም አትጻፉ፣ ዩኒፎርሙ ላይ ያለውን የትምህርት ቤት ስምም ሸፍኑ።

አንዷን ፎቶ ደግሞ አሳጥባችሁ ለቤተሰቡ ስጡ። እኔ ያን ልጅ በፋሲካ ልብሱ፣ እሱም እናቱም ፈቅደውልኝ እንደገና አነሳሁት። ያ ፎቶ ያለው እነሱ ቤት ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።