የከሰዓት ፀሐይን በዛፍ መከላከል፦ ከቆቦ እስከ ደሴ ላሉ ግቢዎች

በቆቦ፣ በከሚሴ ወይም በባቲ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጥላ ሥር የተቀመጠና ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው የሚተነፍሱት አየር ሙቀቱ ብዙም አይለያይም። የሚለየው ከፀሐይ፣ ከቆርቆሮና ከግድግዳ ተነስቶ ገላ ላይ የሚያርፈው ጨረር ነው። ዛፍ በዋናነት የሚጠልፈው ይህንን ነው፤ በቅጠሉ የሚያተነው ውሃም በመጠኑ ያግዛል። ስለዚህ ከዛፉ ብዛት ይልቅ ቦታው ይወስናል። አጥር ሥር ችግኝ ተደርድሮ ቤቱ እንደ ምጣድ የሚግልበት ግቢ ሞልቷል።

በመጀመሪያ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ፀሐይ የምታርፍበትን ግድግዳና መስኮት ይለዩ። አብዛኛውን ጊዜ የምዕራቡ ነው። በእኛ አካባቢ በእነዚህ ወራት ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላ ከግንዱ አይርቅም። 10 ሰዓት ላይ ግን የ4 ሜትር ዛፍ ጥላ 6 ሜትር ገደማ ይዘረጋል። ከምዕራቡ ግድግዳ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቆ መትከል የሚመረጠው ለዚህ ነው። ከዚያ ከቀረበ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ይፍቃል፣ ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል። የመብራት ሽቦ ሥር አይትከሉ።

ለቆላው ኒም ወይም ማንጎ፣ ለወልድያና ለኮምቦልቻ ዋንዛ ወይም ግራቪሊያ ይስማማል። ባህር ዛፍ ለጥላ አይሆንም፤ ቅጠሉ ተንጠልጥሎ ብርሃን ያሳልፋል፣ ከጎኑ ያለውንም ተክል ውሃ ይሻማል።

ጉድጓዱን ከመትከል አንድ ወር ቀደም ብለው 60 በ60፣ ጥልቀቱን 60 ሴንቲሜትር አድርገው ይቆፍሩ። የላዩን አፈር ለብቻ ያስቀምጡ፤ ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ጋር ይቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዝናቡ ሲደላደል፣ ሐምሌ ላይ፣ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቀደው አውጥተው ይትከሉ። ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ከሆነ የተጠመዘዘውን ይቁረጡ። ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ ያሳልፍና በጋ ላይ ይደርቃል፤ ሰውም «ውሃ አነሰው» ይላል። የሥሩ አንገት (ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ) ከመሬቱ እኩል ይሁን። ከተቀበረ ግንዱ ይበሰብሳል።

ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር፣ ማታ ላይ ቀስ አድርገው ያጠጡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ ሣር ይጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ፍየል በአንድ ቀን የዓመት ሥራ ስለምታጠፋ ዙሪያውን በእሾህ ይከልሉ።

ዛፉ ሲያድግ የታችኞቹን ቅርንጫፎች እስከ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ቀስ በቀስ ያንሱ፤ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ከሲሶ በላይ አይቁረጡ። ይህ ካልተደረገ ነፋሱ ይታፈናል፣ ጥላ ሥር ላብ አይደርቅም።

ደሴ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ብርድ ስለሆነ በታኅሣሥ የደቡቡ ፀሐይ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በደቡብ በኩል ሁልጊዜ ለምለም የሆነ ጥቅጥቅ ዛፍ አይትከሉ፣ ምዕራቡ ይበቃል።

ዛፉ ጥላ እስኪሰጥ ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ከግድግዳው 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ የእንጨት ርብራብ አቁመው ቅል ወይም ዱባ ያውጡበት። ክፍተቱ የጋለው አየር ወደ ላይ እንዲወጣ ነው፤ ተክሉ ከግድግዳው ከተጣበቀ እርጥበቱ የጭቃ ምርጊቱን ያረግፈዋል።