ከውድድር በፊት የማውንቴን ባይክ ትሬል ልታስተካክሉ ስትወጡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ውድድር ሲቃረብ ሁሉም ሰው አካፋና ሬክ (ጥርስ ያለው የቅጠል መጥረጊያ) ይዞ ጫካ መግባት ያምረዋል። ግሩፑ ይሞቃል፣ እኔም አለሁ እኔም እመጣለሁ ይባላል፣ ለኛ ሐበሾች ደግሞ ደቦ ወጥቶ አብሮ ሰርቶ አብሮ መብላት አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ትሬል (በጫካ ውስጥ የሚያልፈው ጠባቡ የሳይክል መንገድ) በደንብ የሚበላሸው በዛው ሰሞን ነው፣ ያውም በጣም ቅን በሆኑ ሰዎች እጅ። ሰው መንገዱን ማሳመር ነው የሚፈልገው፣ ትሬሉ ግን የሚፈልገው ውሃው እንዲወጣለት ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

የምጽፈው እዚህ ዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ስላሉት ትሬሎች ነው፣ ፋውንቴንሄድ፣ ዌክፊልድ፣ ሼፈር ፋርምስ ምናምን። እነዚህን በአብዛኛው ያቆማቸው የበጎ ፈቃደኛ ጉልበት ነው፣ ሞር የሚባለው የሳይክል ነጂዎች ክለብ ከ1992 ጀምሮ ሰው እያሰባሰበ ይሰራል።

በፍጥነት ልለፈው እንጂ የመጀመሪያው ስህተት ሳይጠይቁ መቆፈር ነው። ጫካው ባለቤት የሌለው ይመስላል ግን አለው፣ ፋውንቴንሄድ የኖቫ ፓርክስ (የሰሜን ቨርጂኒያ የፓርኮች መስሪያ ቤት) ነው፣ ዌክፊልድ የፌርፋክስ ካውንቲ ነው፣ ሼፈር ፋርምስ የሜሪላንድ ስቴት ፓርክ አካል ነው። ለየትሬሉ ከፓርኩ ጋር የሚነጋገር ኃላፊ አለ፣ ለሱ አንድ ቴክስት ላኩለት በቃ። ሳይጠየቅ የተሰራ አንዲት ትንሽ ዝላይ ፓርኩን አስቆጥታ ውድድሩን ራሱ ልታስቀር ትችላለች።

ሁለተኛው መዘግየት ነው። በውድድሩ ሳምንት አዲስ አፈር አታውጡ! አዲስ የተቆፈረ አፈር ምንም ያህል ብትረግጡትና በአካፋ ጀርባ ብትደበድቡት ልቡ ለስላሳ ነው፣ ዝናብ ሊወርድበት፣ ሊደርቅ፣ ጎማ ሊሄድበት ይገባል። ቅዳሜ የተሰራ በርም (ያቺ መታጠፊያ ላይ የምትቆለለዋ የአፈር ግድግዳ) በሚቀጥለው እሁድ መቶ ሰው በሙሉ ፍጥነት ሲገባባት ትናዳለች፣ መጀመሪያ ያለፉት ምንም አይሰማቸውም፣ ከኋላ የሚመጡት ናቸው የሚወድቁት። ስለዚ ቁፋሮ የሚባል ነገር ቢያንስ ከሶስት አራት ሳምንት በፊት ይለቅ፣ የመጨረሻው ሳምንት ለመጥረግ፣ የወደቀ እንጨት ለማንሳትና የውድድሩን መስመር የሚያሳየውን ቴፕ ለመዘርጋት ብቻ ይሁን። አፈሩንም ከላይ ያለውን ጥቁሩን ቅጠላ ቅጠል የተቀላቀለበትን አትውሰዱ፣ እሱ ስፖንጅ ነው፣ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ውስጡ ያለው የተክል ስርም ይበሰብሳል። ከስሩ ያለውን ቀዩን አውጡ፣ ጉድጓዱንም ከትሬሉ ራቅ አድርጋችሁ ቆፍራችሁ መልሳችሁ በቅጠል ሸፍኑት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጭቃ ያለበት ቦታ ሲያዩ ሰዎች መሙላት ይወዳሉ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ይበትናሉ፣ ገለባ፣ ግንድ ቆራርጦ መደርደር፣ አንዳንዱማ ጠጠር በባልዲ ተሸክሞ ይመጣል። ኧረ ተዉ! ጭቃው የአፈር ችግር አይደለም፣ ውሃው መውጫ አጥቶ ነው እዛ የተኛው። ፍቅፋቂውና ግንዱ ደግሞ ውሃውን ይዘው ያቆዩታል፣ ከጥቂት ወር በኋላ በስብሰው የባሰ ጥቁር ጭቃ ይሆናሉ፣ ርጥብ ግንድ ላይ ጎማ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ የወደቀበት ያውቀዋል። ሌላው ደግሞ ጭቃውን ሸሽቶ በጎን ማለፊያ ይከፍታል፣ እሱም ጭቃ ይሆንና ሌላ ማለፊያ ይከፈታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ክንድ የሚያክለው ትሬል መኪና የሚያሳልፍ ይሆናል።

መጀመሪያ ቁሙና እዩ። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው፣ ወዴት ነው መሄድ የፈለገው? አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ይሄንን ነው፣ ትሬሉ ሲሰራ ወደ ቁልቁለቱ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር፣ አምስት ፐርሰንት ገደማ፣ ለዓይን እንኳን በደንብ የማይታይ ማዘንበል። ከዛ ጎማው መሀሉን እየጫነ አጎደጎደው፣ የውጪው ጠርዝ ላይ ደግሞ አፈርና ቅጠል ተጠራቅሞ ድንበር ሰራ፣ ውሃው ወደ ጎን መውጣቱ ቀረና መንገዱን ተከትሎ እንደ ቦይ ቁልቁል መሮጥ ጀመረ። መድኃኒቱ ያንን የውጪውን ድንበር ማፍረስ ነው። ቦታው ሜዳ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ክብ የሚመስል ሰፋ ያለ ማፍሰሻ፣ እስከ ሶስት ሜትር የሚሰፋ፣ ወደ ውጪ እየዘቀጠ የሚሄድ ትቆርጣላችሁ። ጠባብ ቦይ በአካፋ ቀዳችሁ አትሂዱ፣ በሁለት ዝናብ ቅጠል ይደፍነዋል፣ የፊት ጎማም ይይዛል። ሀገር ቤት ተዳፋት ላይ እርከን ሲሰራ ያየ ሰው ይሄ ነገር ቶሎ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ፣ ውሃን በጉልበት አታቆመውም፣ ቀስ ብሎ እንዲሄድ ነው የምታደርገው።

አንዳንድ ቦታ ግን ምንም ብትሰሩ አይድንም። ቁልቁለቱን በቀጥታ የሚወርድ ትሬል ውሃ ወደ ጎን የሚወጣበት የለውም። የትሬል ሰሪዎች የሚያውቁት ደንብ አለ፣ የትሬሉ ዳገት ከተራራው ጎን ዳገት ግማሽ መብለጥ የለበትም፣ በአማካይም ከአስር ፐርሰንት ባይበልጥ ይመረጣል። ከዛ በላይ ከሆነ መስመሩ ራሱ መቀየር አለበት፣ እሱ ደግሞ የፓርኩ ፈቃድና ወራት የሚፈልግ ስራ ስለሆነ ከውድድር በፊት አትጀምሩት፣ ጻፉትና ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ቀጥሎ የሚያናድደኝ ማለስለስ ነው። ድንጋይ ይነቀላል፣ ስር ይቆረጣል፣ አስቸጋሪው ቦታ ሁሉ ይስተካከልና "አሁን ሴፍ ሆነ" ይባላል። አልሆነም። ድንጋዩ ሰውን ፍሬን ያስይዘው ነበር፣ አሁን እዛው መታጠፊያ ላይ በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚገባው፣ ቀጥሎ ያለው ዛፍ ደግሞ ቦታውን አልቀየረም። ስሩም ቢሆን አፈሩን ይዞ የቆመው እሱ ነው፣ ቆርጣችሁ ስታወጡት አፈሩ ይሄዳል፣ ዛፉም ይታመማል። የሚነሳው የሚንቀሳቀስ ድንጋይ ነው፣ ጎማ ሲነካው የሚንከባለል፣ እሱን አንሱ። ያልተነቃነቀውን ተዉት። ቴክኒካል ቦታ የከበዳት ጀማሪ ካለች ዳር ላይ ቀላል መስመር ይተውላት፣ እሱም ቢሆን አዘጋጁ ወስኖ እንጂ አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ በዛው ቀን የሚወስነው አይደለም። ፈጣኖቹ ተወዳዳሪዎች እኮ የሚመጡት ለዛ ድንጋይ ብለው ነው።

ጭቃ ላይ መስራትም ሌላ ስህተት ነው። እዚህ እንደ ሀገር ቤት መስከረም ሲጠባ ዝናቡ አለቀ የሚባል ነገር የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፣ አፈሩ ደግሞ ሸክላ ነው። ትንሽ ርጥበት ያለው አፈር ለስራ በጣም ጥሩ ነው፣ እጅ ላይ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ድርቅ ካለው ይሻላል። ግን ጫማችሁ ቅርጹን አትሞ የሚወጣ ከሆነ ወደ ቤታችሁ ሂዱ፣ ሃያ ሰው በዛ ላይ ሲመላለስ ከሚጠግነው ይልቅ የሚያቦካው ይበዛል። በብርዱ ወራት ጠዋት በረዶ ሆኖ ድንጋይ የመሰለው መሬት ከረፋዱ በኋላ ሙክክ ስለሚል፣ በጊዜ ገብቶ በጊዜ መውጣት ነው።

ቅርንጫፍ ስትቆርጡ ጉቶ አታስቀሩ፣ ጉቶ ማለት ፊት ከፍታ ላይ የተተከለ ጦር ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበት ያበጠ ቀለበት አለ አይደል፣ እዛ ድረስ ጠጋ ብላችሁ ቁረጡ፣ ያበጠውን ራሱን ግን አትንኩት፣ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በሱ ነው። የተቆረጠውን ደግሞ ጎትታችሁ ከዓይን አርቁ፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ትሬሉ እንዳይዞር። ከሁሉ በፊት የመታጠፊያ ውስጠኛ ጎን ይቆረጥ፣ ሰው ከፊቱ የወደቀ ሰው መኖሩን ማየት አለበት።

ቅጠል በብሎወር ስትነፉ ወደ ቁልቁለቱ ጎን ንፉ፣ ግን ጠርዙ ላይ ከምራችሁ አትሂዱ፣ ከላይ ያልኩትን ድንበር በራሳችሁ እጅ እየሰራችሁ ነው ማለት ነው። ማፍሰሻዎቹ አፍ ላይ ያለውንም ጥረጉ፣ ይሄን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

መሳሪያ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም። ሁለቱ ዋነኞቹ ማክላውድና ፑላስኪ ናቸው፣ ማክላውድ በአንድ ጎኑ ሰፊ ስለት በሌላው ጎኑ ወፍራም ሬክ ነው፣ ለማፍሰሻ ስራ የሚተካከለው የለም፣ ፑላስኪ ደግሞ ባንድ በኩል መጥረቢያ ባንድ በኩል ዶማ ነው። ስሙ የመጣው ከአይዳሆው የደን ጠባቂ ከኤድ ፑላስኪ ነው፣ በ1910ሩ ትልቅ ቃጠሎ ሰራተኞቹን የማዕድን ዋሻ ውስጥ አስገብቶ አብዛኞቹን ያተረፈው ሰውዬ። ዶማ ትከሻ ላይ አድርጎ መሄድ ሀገር ቤት የተለመደ ነው ግን እዚህ ሰው ተከታትሎ በጠባብ መንገድ ስለሚሄድ በጎን አንጠልጥሉት፣ ሲሰራም መሳሪያ ተወንጭፎ የማይደርስበት ያህል ተራራቁ። ቼንሶ (የሞተር መጋዝ) ያለው ሰው ሁሉ ቼንሶ አያስነሳ፣ ፓርኩ የፈቀደለት ብቻ፣ በፌደራል ደን መሬት ላይማ ሰርተፊኬት ግዴታ ነው። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ፖይዝን አይቪ የሚባለውን ቆዳ የሚያሳክክ ባለ ሶስት ቅጠል ተክል እወቁት፣ ማታ ቤት ስትገቡ ሰውነታችሁን ለመዥገር ፈትሹ፣ ላይም የሚባለው በሽታ እዚህ አካባቢ በደንብ አለ።

የመጨረሻው ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት የሚመጣው ነው። ተወዳዳሪዎች መስመሩን ሊለምዱ ሲመጡ መታጠፊያ ይቆርጣሉ፣ በዛፎቹ መሀል አቋራጭ ይፈልጋሉ፣ አንዴ የጎማ ምልክት ከታየ የሚከተለው ሁሉ በዛው ነው የሚሄደው። አዘጋጆቹ በቴፕ ብቻ ይዘጉታል፣ ቴፕ ግን በንፋስ ይበጠሳል፣ አንድ ከባድ የወደቀ ግንድ አግድሞ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ጫፉ ወደ ጎማ ሳይሆን ወደ ጫካው ዞሮ። ውድድሩ ባለቀ ማግስት ደግሞ ቴፑንና ቀስቶቹን የሚሰበስብ ሰው ከወዲሁ በስም ይመደብ፣ "ሁላችንም እናነሳለን" ከተባለ ማንም አያነሳም። ያ ሰው ሲዞር ማክላውድ ይያዝ፣ መቶ ጎማ የደፈጠጣቸውን ማፍሰሻዎች እግረ መንገዱን ይክፈት፣ ቀጣዩ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት።