ታላቁን ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሮጡ፦ እንዳትደግሟቸው የምለምናችሁ ስህተቶች

እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ስልኬ መጥራት ይጀምራል። «ዘንድሮ ታላቁን ሩጫ ልሮጥ ወስኛለሁ፤ ከምን ልጀምር?» ይሉኛል። የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ከ30 በላይ የሆኑ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ከትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ወዲህ ሮጠው አያውቁም። እኔም 38 ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

ውሳኔያቸውን ስሰማ ከልቤ ደስ ይለኛል። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ጉልበቴ የተመለሰው፣ እንቅልፌም የተስተካከለው በዚህ ሩጫ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በመጀመሪያው ዓመት ተጎድቶ እንዲተወው አልፈልግም።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተጀመረው በኅዳር 1994 ዓ.ም. ነው። ያኔ 10,000 ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። አሁን ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ሆኗል። ብዙው ሰው ከጓደኞቹ ጋር እየጨፈረና እየዘፈነ ነው የሚጓዘው፤ ያም ደስ ይላል። እኔ የምጽፈው ግን 10 ኪሎ ሜትሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ በሶምሶማ መጨረስ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ቲሸርት ገዝቶ ኅዳርን መጠበቅ

ለሩጫው የምትመዘገቡበት ቲሸርት ቶሎ ስለሚያልቅ ሰው ይሽቀዳደምበታል። ይገዛና ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያ የልጆች ትምህርት መከፈቻ ይመጣል፣ መስቀል ይመጣል፣ ሥራ ይደራረባል። ሩጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ይደነግጥና የሁለት ወሩን ልምምድ በሦስት ቀን ለመጨረስ ይነሳል። ጉልበቱ የሚታመመው ያኔ ነው።

ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር አጋማሽ 10 ሳምንት ገደማ አለ። ሮጦ ለማያውቅ ጤነኛ ሰው ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን ውጡ፤ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን ዕረፉ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያደረጋችሁ 20 ደቂቃ ሙሉ። በየሳምንቱ ሶምሶማውን ትንሽ ትንሽ ጨምሩ፣ እርምጃውን ቀንሱ። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ሳምንት ላይ 20 ደቂቃ ሳታቋርጡ መሮጥ ትችላላችሁ። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ 8 ኪሎ ሜትር ከደረሳችሁ 10ሩን ትጨርሳላችሁ፤ የቀረውን ሁለቱን ኪሎ ሜትር ሕዝቡ ይዟችሁ ይሄዳል። የመጨረሻው ሳምንት የዕረፍት ነው። ሁለት ቀን ቀለል ያለች 20 ደቂቃ ብቻ።

አንድ ሳምንት ታማችሁ ወይም ሰርግ ገብቶ ካመለጣችሁ፣ ያለፈውን ለማካካስ አትሩጡ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ከሁሉ የከፋው፦ መፍጠን

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳትም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጃንሜዳ ገባሁና ባለኝ አቅም ሁሉ ሮጥኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላኝ ደረቴ ተቃጠለ፣ ጎኔን ውጋት ያዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳለከልክ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው በሶምሶማ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ማን እያሳደደሽ ነው?» አሉኝ።

«ማንም አባቴ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ነይ ከእኔ ጋር፤ እያወራን እንሂድ።»

ከእሳቸው ጋር 15 ደቂቃ ሮጥኩ። ከፈጣን እርምጃ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም፤ ግን ሩጫ ነበር። የልጆቼን ስም ጠየቁኝ፣ ዕድሜያቸውን ጠየቁኝ፣ ትንፋሽ ሳያጥረኝ መለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ መለኪያ አልፈለግሁም። ስትሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። በየቃሉ ትንፋሽ ከቆራረጣችሁ ቀንሱ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ድምፅ አውጥታችሁ የምታውቁትን መዝሙር ወይም ዘፈን ሞክሩ።

ለምን እንደምንፈጥን ብዙ አስቤበታለሁ። ስለምናፍር ነው። የአበበ ቢቂላና የደራርቱ ቱሉ ሀገር ልጅ ሆኖ ቀስ ብሎ መሮጥ ነውር ይመስለናል። መንገድ ላይ «አይዞሽ! በርቺ!» የሚለን ሰው ሁሉ የሚያሾፍብን ይመስለናል። አብዛኛው ሰው ግን እውነቱን ነው የሚያበረታታው። እስቲ አንድ ቀን በማለዳ እንጦጦ ጫካ ውጡና አትሌቶቹን ተመልከቱ። ልምምዳቸው ቀላል በሆነበት ቀን አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ ዝግ ብለው ነው የሚሮጡት። ለሩጫ የሚኖር ሰው በዝግታ ካልፈረ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

አየሩንም አትርሱት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። እዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ሩብ ያህል ያንሳል። ለለመደው ብዙም አይታወቀውም። ከዲሲ ወይም ከዱባይ ለሩጫው ብላችሁ የምትመጡ ዘመዶቻችን ግን ይታወቃችኋል። እዚያ 10 ኪሎ ሜትር በደንብ ትሮጡ ይሆናል፤ ዓርብ ገብታችሁ እሁድ በዚያው ፍጥነት እሮጣለሁ ማለት ግን ልክ አይደለም። ከቻላችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ኑ። ካልሆነ ሰዓታችሁን ቤት ትታችሁ ከቤተሰብ ጋር ዝግ ብላችሁ ሩጡ።

ለእኔ አንድ ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ መሮጥ ትክክለኛ ፍጥነቴ ነው። 10ሩ 80 ደቂቃ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የሮጠ ሰው ማታ ልጁን አቅፎ ደረጃ ይወጣል።

ጫማ

ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ነገር ቢኖር ጫማ ነው። ቲሸርቱም ቁምጣውም ያለው ይበቃል። ለመልኩ የተሠራ፣ ሶሉ ስስና ደረቅ የሆነ ስኒከር ለሩጫ አይሆንም። ከመግዛታችሁ በፊት በእጃችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶቻችን በሚታጠፉበት በፊተኛው በኩል ነው። ወገቡ ላይ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ተዉት። ቦንዳ ከሆነ ደግሞ ተረከዙን አዙራችሁ እዩ። አንድ ወገን ተበልቶ ካለቀ የሌላ ሰው አረማመድ ነው የምትገዙት።

እግር ቀን ሲውል ያብጣልና ጫማ የሚለካው ማታ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። እኔ ልክክ ያለውን ገዝቼ ሁለት የእግሬ ጥፍሮች ጠቁረው ወደቁ። ቁልቁለት ላይ ጣቶቼ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጩ ነበር።

አዲስ ጫማ በሩጫው ቀን ማጥለቅም ትልቅ ስህተት ነው። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ልመዱት። የሚፋተግባችሁ ቦታ ሁሉ፣ ብብትና ጭን መካከል፣ ቫዝሊን ተቀቡ። ሴቶች፣ ደረት አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ጡት ማስያዣ ቅንጦት አይደለም።

ከመጀመሪያው ቀን እንጦጦ መውጣት

እንጦጦን እወዳለሁ። ነገር ግን ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም ዳገት ነው። ጀማሪ እዚያ ሄዶ በአምስት ደቂቃ ይደክመውና «ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ሜዳ ላይ አሳልፉ። ጃንሜዳ አለ። በየሰፈሩ የኳስ ሜዳ አለ። አፈር ከአስፋልት ይልቅ ለጉልበት ይመቻል፤ አትሌቶቹም ጫካና ኮረኮንች የሚመርጡት ለዚህ ነው። ሩጫው ራሱ አስፋልት ላይ ስለሆነ ግን በሳምንት አንዱን ቀን አስፋልት ላይ ሩጡ።

መስቀል አደባባይ ደረጃውን መውጣትና መውረድም የብዙ ሰው ልምድ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን እግር ከጠነከረ በኋላ።

ሕመምን በጀግንነት ማለፍ

ሮጣችሁ በማግስቱ ባትና ጭናችሁ ቢተሳሰር፣ ደረጃ መውረድ ቢከብዳችሁ የተለመደ ነው። በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ ስትሮጡ የሚብስ፣ የሚያስነክስ ሕመም ግን ሌላ ነው። የጉልበት ሎሚ ዙሪያ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የቅልጥም አጥንት ላይ ከሆነ አቁሙ፣ ዕረፉ። እኔ በሦስተኛው ዓመቴ ጉልበቴን እያመመኝ «ይለቀኛል» ብዬ ሁለት ሳምንት ሮጥኩበት። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ መሮጥ አልቻልኩም። የዚያ ዓመት ቲሸርቴ እስካሁን አልተለበሰም።

ደረት ከተጨነቀ፣ ራስ ከዞረ፣ ዓይን ከጨለመ ደግሞ ወዲያው ቁሙ። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ፣ ወይም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ችግር ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም ያያችሁ። ይህን ስል ማስፈራራቴ አይደለም። ብዙ ሰው ግፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለካው ከታመመ በኋላ ስለሆነ ነው።

ሆድ

ከሩጫ በፊት ማታ ቅመሙ የበዛ ጥብስ ወይም ክትፎ የበላ ሰው ጠዋት ዋጋ ይከፍላል። ጠዋት ላይ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳም አይስማማም። ከመሮጣችሁ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ዳቦ በማር፣ ሙዝ ወይም በሶ በቂ ነው። በሶ የአያቶቻችን የመንገድ ስንቅ ነው፤ ለእኔ ከየትኛውም የታሸገ ምግብ ይሻለኛል። ቡና የለመደ ይጠጣ። ያልለመደ በዚያ ቀን አይጀምር።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ረጅሙን ሩጫ ማክሰኞና ቅዳሜ አድርጉት። በጾም ቀን ባዶ ሆድ ሮጦ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ሰውነትን ይጎዳል። በጾም ቀን መሮጥ የግድ ከሆነ፣ አመሻሹ ላይ በልታችሁ ሁለት ሰዓት ካረፋችሁ በኋላ ይሁን።

በጨለማ ብቻን መውጣት

ይህን በተለይ ለእህቶቼ ነው የምለው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ብቻዬን ወጥቼ ውሾች አባረውኛል፤ ለከፋም ደርሶብኛል። ጥፋቱ የእኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መንገዱ እስኪስተካከል ድረስ ግን ሩጫችንን መተው የለብንም፣ አብረን እንውጣ። ከጎረቤት ወይም ከሥራ ባልደረባ አንድ ሰው ይበቃል። ሁለት ሴቶች አብረው ሲሮጡ ብዙው ነገር ይቀላል፣ የቀረችም ትቀሰቀሳለች። ጥንድ ያጣችሁ በመጋቢት የሚካሄደውን የቅድሚያ ለሴቶች 5 ኪሎ ሜትር ሩጡ። የእኔን የሩጫ ጓደኛ ያገኘኋት እዚያ ነው። አሁን ልጆቻችን ወንድምና እህት ሆነዋል።

የሩጫው ቀን

መንገዶች ስለሚዘጉ ታክሲ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። በእግር የምትደርሱበት ቦታ እደሩ፣ ወይም በጣም ማልዳችሁ ውጡ። ከወርቅ፣ ከብዙ ብርና ከቦርሳ ነፃ ሁኑ። ስልክ ከያዛችሁ የሚዘጋ ኪስ ውስጥ ይሁን።

የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ሰው እንደ ጎርፍ ነው። መሮጥም አይቻልም። ጀማሪው ትዕግሥቱን ያጣና ግራ ቀኝ እየተሽሎከለከ፣ ጠርዝ ላይ እየዘለለ ለማለፍ ይሞክራል። እግር የሚጠመዘዘው እዚያ ነው፤ ጉልበትም በከንቱ ያልቃል። ከሕዝቡ ጋር ተራመዱ። ሰዉ እየሳሳ ሲሄድ ሩጫው ይጀምራል። ሙዚቃው ሲመታ ደግሞ ልብ ይሞቅና እግር ሳይታወቅ ይፈጥናል። ጨፍሩ፣ ዘፍኑ፤ ግን በዚያው ፍጥነት።

ለቤተሰብ አለመናገር

መጀመሪያ ስሮጥ ለእናቴ አልነገርኳትም። «በዚህ ዕድሜሽ፣ ሁለት ልጅ ይዘሽ!» እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። ጨርሼ ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ አድርጌ ስቆም በዙሪያዬ ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ ነበር። ስልክ ልደውል ብል መስመሩ ተጨናንቆ አልገባ አለኝ። ብቻዬን እስከ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ።

በቀጣዩ ዓመት ነገርኳት። የት እንደምንገናኝም ቀድመን ተስማማን፤ አንድ የማይጠፋ ዛፍ ሥር። ከመድረሻው ወጥቼ ወደዚያ ስሄድ ከሩቅ ነጠላዋን አየሁት። ልጆቼን በግራና በቀኝ ይዛ፣ በፔርሙስ ሻይ ቀድታ፣ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ቆማለች። ላቤን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና ሜዳሊያውን በእጇ ገልብጣ አየችው። ከዚያ «የሚመጣው ዓመት ስንት ሰዓት ላይ ልምጣ?» አለችኝ።