ጾም ካንሰርን ይገድላል? ስለ ኦቶፋጂ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አንድ ወሬ መዞር ይጀምራል። «ጾም ካንሰርን እንደሚያጠፋ ሳይንስ አረጋገጠ፣ ኖቤልም አሸለመ!» ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሕዋሶቻችን ያረጀና የተበላሸ ክፍላቸውን በትንሽ ከረጢት ጠቅልለው ላይሶሶም ወደሚባለው ማፍረሻቸው ይልካሉ፣ እዚያ ይፈጫል፣ ከተፈጨውም አዲስ ነገር ይሠራበታል። ይህ ነው ኦቶፋጂ። ከበሽታ መከላከልም ከካንሰርም ጋር በእርግጥ ይገናኛል፤ ግን ፖስቶቹ በሚሉት መንገድ አይደለም።

ኖቤሉን ያለቦታው መጥራት። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 እ.ኤ.አ. የተሸለመበትን ሥራ የሠራው በእርሾ ላይ ነው። አዎ፣ እርሾ። የማፍረሻ ኢንዛይሞቹ የማይሠሩለትን የእርሾ ዝርያ ወስዶ ምግብ ከለከለው። የተጠቀለለው ነገር ስለማይፈርስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የእርሾው ማፍረሻ በትናንሽ ከረጢቶች ተሞልቶ በማይክሮስኮፕ ታየው። ከዚያ ሂደቱን የሚመሩትን ጂኖች እየለቀመ 15 አገኘ። ትልቅ ሥራ ነው፣ ግን የጾመ ሰውም ሆነ የካንሰር ታማሚ እዚያ ውስጥ የለም።

«ኦቶፋጂ ካንሰርን ይበላዋል» ማለት። ይሄኛው ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። በ1999 እ.ኤ.አ. የተመራማሪዋ ቤዝ ሌቪን ቡድን ቤክሊን 1 የሚባል የኦቶፋጂ ጂን በጡት ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ እንደሚያንስ፣ ሲመለስላቸው ደግሞ ዕድገታቸው እንደሚቀንስ አሳየ። በኋላም ከሁለቱ የጂኑ ቅጂዎች አንዱ የጎደለባቸው አይጦች ዕጢ እንደሚበዛባቸው ታየ። ቆሻሻው በጊዜ ሲጠረግ ዲኤንኤን የሚጎዳ ነገር አይከማችም፣ ስለዚህ ካንሰር ከመነሳቱ በፊት ኦቶፋጂ ጠባቂ ነው።

ዕጢው አንዴ ካደገ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መሀሉ ላይ ያሉት ሕዋሳት ደም በደንብ አይደርሳቸውም፣ ይራባሉ፣ ታዲያ በኦቶፋጂ የራሳቸውን ክፍል እያፈረሱ ይኖራሉ። የቆሽት ካንሰር በዚህ የታወቀ ነው። ይባስ ብሎ በኦቶፋጂ ከሰውነት መከላከያ ይደበቅበታል። አብዛኞቹ ሕዋሳት ውስጣቸው ምን እንደሚሠራ የሚያሳዩ የፕሮቲን ቁርጥራጮችን ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፣ ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት እየዞሩ ያንን ይፈትሻሉ፣ እንግዳ ነገር ካዩ ይገድላሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የቆሽት ካንሰር ሕዋሳት ቁርጥራጮቹን ተሸክሞ የሚያሳየውን ኤምኤችሲ 1 የተባለ ፕሮቲን በዚሁ በኦቶፋጂ እየጎተቱ ወደ ላይሶሶም እንደሚከቱት ታወቀ። ማሳያው ከሌለ ፈታሹ ምን ያያል? አይጦች ላይ ኦቶፋጂው ሲታገድ ማሳያው ተመለሰ፣ የሰውነትን መከላከያ በካንሰር ላይ የሚያነሳሳው የኢሚዩን ሕክምናም የተሻለ ሠራ። ኦቶፋጂ ወገን የለውም፣ የሚያገለግለው ያለበትን ሕዋስ ነው።

«ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት። ማክሮፋጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የቲቢን ባክቴሪያ በኦቶፋጂ ጠቅልለው ማፍረስ ይችላሉ፣ ይህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ታይቷል። የፖሊዮ ቫይረስ ግን እነዚያኑ የኦቶፋጂ ከረጢቶች ለመራቢያው ይጠቀምባቸዋል። ራፓማይሲንን ደግሞ ተመልከቱ። ኦቶፋጂን ከሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች በጣም የታወቀው እሱ ነው፤ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ግን ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይዋጋ፣ ማለትም መከላከሉን ዝቅ እንዲያደርግላቸው ነው።

ሰዓት መቁጠር። «በ16ኛው ሰዓት ይጀምራል» የሚለው ከየት እንደመጣ እንጃ። ኦቶፋጂ አሁን ይህን ስታነቡም እየሠራ ነው፣ ጾም መጠኑን ይጨምረው ይሆናል እንጂ ከዜሮ አያስነሳውም። ጉበት ላይ ያለው ከአንጎል ጋር አንድ አይደለም። አብዛኛው የሰዓት ወሬ የመጣው ከአይጥ ነው፣ የአይጥ የአንድ ቀን ረሃብ ደግሞ ለሰው የአንድ ቀን ጾም አይደለም። ሆስፒታል ሄዳችሁ «ኦቶፋጂዬን ለኩልኝ» ብትሉም የተለመደ የደም ምርመራ የለውም።

የታመመን ሰው ማስራብ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የካንሰር ታማሚ ብዙ ጊዜ ሳይፈልግ ይከሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሲከሳ ደግሞ ኬሞውን (የካንሰር መድኃኒቱን) የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል። በኬሞ ሰሞን አጭር ጾም የሚሞከርባቸው ጥናቶች አሉ፣ ግን በሐኪም ክትትል እንጂ በዘመድ ምክር አይደለም። ለእምነት የሚጾምም ቢሆን ንስሐ አባቱን ያማክር፣ ቤተ ክርስቲያን የታመመን አታስገድድም።

ነገሩን ገልብጦ ክሎሮኪን ፍለጋ መሄድ። ለወባ የምናውቀው ክሎሮኪንና ዘመዱ ሀይድሮክሲክሎሮኪን የላይሶሶምን አሲድነት ስለሚቀንሱ ኦቶፋጂን ያግዳሉ። ተመራማሪዎችም ካንሰርን ለማዳከም ሞክረዋቸዋል፤ ልብ በሉ፣ ፖስቶቹ ከሚሉት በተቃራኒው ማለት ነው። በተሰራጨ የቆሽት ካንሰር ላይ ግን ሀይድሮክሲክሎሮኪን ከኬሞ ጋር ተሰጥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ በሕይወት የቆዩትን ሰዎች ቁጥር አላሻሻለም። መድኃኒቱ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል፤ ሐኪም ሳያዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ አይሞከርም።