ባጃጅ ሲያይ ለሚጮህ ውሻ

ውሻዎ ባጃጅ ወይም የሰፈር ውሻ ሲያይ የሚጮህ ከሆነ ገመዱን አይሳቡ፤ አንገቱ ሲወጠር ፍርሃቱ ይብስበታል። የሚረዳው ርቀት ነው። አፉን ግጥም፣ ዓይኑን ፍጥጥ ሲያደርግ፣ ገና ሳይጮህ ይዘውት ዞር ይበሉ።

ባጃጁን እያየ ዝም የሚልበትን ቦታ ይፈልጉ፤ 20 ሜትርም ይሁን 40። እዚያ ሆነው ባጃጅ በታየ ቁጥር ሽንብራ የምታክል ቅቅል ሥጋ ያጉርሱት፣ ሲያልፍ ያቁሙ። (ሥጋው ሽንኩርት አይንካው፤ ለውሻ መርዝ ነው።) 10 ደቂቃ ይበቃል። ጥቂት ቀን ከተረጋጋ 2 ሜትር ያህል ይጠጉ፤ ከጮኸ ቸኩለዋልና ወደ ቀድሞው ርቀት ይመለሱ። ጅማ ውስጥ ማለዳ፣ ባጃጁ ሳይበዛ መጀመር ይሻላል፤ ሂርማታ ገበያን ለመጨረሻ ያቆዩት።