የመምህራንን ቀን በሜክሲኮ ወግ ስታከብሩ የማይደረጉ ነገሮች

በአሜሪካ የመምህራን ምስጋና ሳምንት የሚውለው በሜይ የመጀመሪያው ሙሉ ሳምንት ነው። ሲንኮ ዴ ማዮ የሚባለው የሜይ 5 በዓል እዚያው ውስጥ ወይም አጠገቡ ስለሚወድቅ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሲሰበሰብ «ዘንድሮ የሜክሲኮ ድግስ ይሁን» የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ ደግ ነው፤ የሚበላሸው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ከኮሚቴው መካከል የእኛ ሰዎችም አሉና የሚከተለውን ልብ በሉ።

ሌሎቹን ሁሉ የሚወልደው ስህተት ድግሱን ከሲንኮ ዴ ማዮ ጋር ማጣበቅ ነው። ሜይ 5 እ.ኤ.አ. በ1862 የሜክሲኮ ጦር ፑዌብላ ላይ የፈረንሳይን ወራሪ ድል የነሳበት መታሰቢያ ነው። ብዙዎች እንደሚመስላቸው የነጻነት ቀን አይደለም፤ ከመምህራን ጋርም የሚያገናኘው ነገር የለም። ሜክሲኮ የራሷ የመምህራን ቀን አላት፤ ሜይ 15። በፕሬዚዳንት ቬኑስቲያኖ ካራንሳ ዘመን በ1917 ታውጆ በማግስቱ ዓመት መከበር ጀመረ። በዚህ ቀን ተማሪዎች ለመምህሮቻቸው ግጥም በቃላቸው ይወጣሉ፣ የየአካባቢውን ጭፈራ ያሳያሉ፣ አበባ ይሰጣሉ። 40 ዓመት ያገለገለ መምህር ናዋ ከሚባለው የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ በተወለደው ደራሲና መምህር በኢግናሲዮ ማኑዌል አልታሚራኖ ስም የተሰየመ ሜዳሊያ ይሸለማል። ቀኑ ፌሽታ ብቻም አይደለም፤ መምህራን የደመወዝ ጥያቄ ይዘው አደባባይ የሚወጡበትም ነው። መነሻችሁ ሜይ 15 ከሆነ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ቀኑ ራሱ ይነግራችኋል። ግጥም የምትወጣ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከገበያ ከሚገዛ ጌጥ ሁሉ ትበልጣለች።

ሰፊ ባርኔጣና ተለጣፊ ጢም አታድሉ። ይህ ወግ ሳይሆን ፌዝ ነው፤ ሜክሲኳዊ መምህር ባለበት ደግሞ ያሳፍራል። ማስጌጥ ከፈለጋችሁ በቀጭን ባለቀለም ወረቀት ላይ ተቀርጾ በገመድ የሚንጠለጠለው ፓፔል ፒካዶ አለ። ስትገዙ ግን ሥዕሉን እዩ፤ አጽምና የራስ ቅል ያለበት ለኖቬምበሩ የሙታን ቀን የተሠራ ነው። ለሕያው መምህር አይሰቀልም።

ትልቁ ጣጣ ምግቡ ላይ ነው። በበቆሎ ሽፋን ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለው ታማሌስ ሊጡ ብዙውን ጊዜ በአሳማ ስብ ይታሻል፤ በውስጡ አይብና ቃሪያ ብቻ ቢኖርም ማለት ነው። ተፈጭቶ የሚጠበሰው ቦሎቄም እንዲሁ። ሙስሊም፣ አይሁዳዊ ወይም ሥጋ የማይበላ መምህር «አትክልት ነው» ተብሎ ሲጋበዝ የሚበላውን አያውቅም። ምግብ ቤቱን ጠይቁ፣ በየሳህኑ ፊት በግልጽ ጻፉ። ሽፋኑ እንደማይበላም ጨምሩበት፤ ሳይልጥ የሚጎርስ አለ።

ሥጋ የሚጠቀለልበት ስስ የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ ከከረጢቱ ወጥቶ እንደቀዘቀዘ ከቀረበ ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ሥጋው ሸሚዝ ላይ ይፈሳል። በደረቅ ምጣድ ግራና ቀኙን አሙቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ደርድሩ። ሜክሲኮዎች ለዚህ ቅርጫት አላቸው፤ ቤታችሁ ትንሽ መሶብ ካለ እሱም ሥራውን ይሠራል። ለመጠጥ ደግሞ ለስላሳ ከመግዛት አጉዋ ዴ ሐማይካ አዘጋጁ። እኛ ከርከዴ የምንለው ነው፤ ቀዝቅዞ በስኳር ይጠጣል።

ይህን ሁሉ ሥራ በክፍሉ ባለችው ብቸኛ ሜክሲኳዊት እናት ላይ መጣል ደግሞ ድፍረት ነው። በየባህል ቀኑ «ቡናውን አንቺ አፍዪልን» የተባለች ሐበሻ እናት ስሜቱን ታውቀዋለች። አማክሯት፤ ፈቃደኛ ከሆነች ትምራችሁ። ከመምህራኑ አንዷ ሜክሲኳዊት ከሆነች ግን ስለ ድግሱ ጭራሽ አታስጨንቋት፤ የምትመሰገነው እሷ ናት።

ላስ ማንያኒታስ የሚባለው መዝሙር የማለዳ መዝሙር ነው። ልጆቹ ከቻሉት ደወል ከመደወሉ በፊት በር ላይ ይዘምሩት እንጂ ከሰዓት በኋላ አታምጡት። ፒንያታ፣ ማለትም ከረሜላ ተሞልቶ በዱላ እየተመታ የሚሰበረው ጌጥ፣ ካላችሁ ከቤት ውጭ ስቀሉት፤ ዱላውንም ልጆች ይያዙት።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የመምህር ምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። አንድ ረድፍ ሰልፍ ብቻ ካዘጋጃችሁ ኋላ የቆመው ሳይበላ ደወሉ ይደርሳል። ጠረጴዛውን ከሁለት ወገን ክፈቱት፤ ሁለት ሦስት ወላጆችም ተማሪዎቹን ግቢ ውስጥ ይጠብቁ።